አምቡላንሱ ደረሰ፤ ሆስፒታሉስ?

ስለ አምቡላንስ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ መንገድ ነው። «ዘገየ»፣ «ትራፊኩ ያዘው»፣ «ይጮሃል እንጂ ማን መንገድ ይለቅለታል?» እንላለን። ሁሉም እውነት ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ለመሄድ የሞከረ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ግን አንድ የማናወራው ነገር አለ። አምቡላንሱ ያንን ሁሉ አልፎ የሆስፒታሉን ግቢ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ለብዙዎቻችን ታሪኩ እዚያ ያልቃል። ፊልም ላይም እንደዚያ ነው። በሩ ብርግድ ይላል፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ቃሬዛው እየተገፋ ይገባል፣ በቃ። በእኛ ከተማ ግን ከባዱ ክፍል አንዳንዴ የሚጀምረው እዚያው በር ላይ ነው።

«ሲስተር፣ ከባድ ነው፤ አተነፋፈሱ ጥሩ አይደለም።»

«ወንድሜ፣ አልጋ የለም። ሌላ ቦታ ሞክሩ።»

ይቺን ምልልስ የአምቡላንስ ሠራተኞች በደንብ ያውቋታል። ዘመድ ያሳከመ ሰውም ያውቃታል። ዛሬ የማነሳው ነገር ከዚህች በር ጋር የተያያዘ ነው። አምቡላንስና ሆስፒታልን እንደ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ማየት ለምደናል። አንዱ ያመጣል፣ ሌላው ያክማል ብለን። ለታመመው ሰው ግን ሁለቱም አንድ ሕክምና ናቸው፤ ከመሐል ከተበጠሰ ደግሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ሦስቱ መዘግየቶች

በእናቶች ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አላቸው። ሐሳቡ ታዴየስ እና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቀ ነው። ዛሬ እኛም አገር ስለ ወሊድ በሚሰጡ ሥልጠናዎች ሁሉ ይነሳል።

የመጀመሪያው መዘግየት ቤት ውስጥ ነው። «ትንሽ እንይ»፣ «ያልፍላታል»፣ «ባሏ ይምጣና ይወስን» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ መኪና ማጣት፣ ርቀት፣ የመንገድ መበላሸት። ሦስተኛው ደግሞ ጤና ተቋሙ ውስጥ ነው፤ ደርሶ ሕክምና አለማግኘት።

አምቡላንስ የሁለተኛው መዘግየት መልስ ነው። መንግሥት ለወረዳዎች አምቡላንስ ሲያከፋፍል፣ ለወላድ እናቶችም አገልግሎቱ በነፃ ይሁን ሲል ያሰበው ይህንኑ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን እስቲ አስቡት። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት ካልታከመች፣ ጠዋት ጤነኛ የነበረችው ሴት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አምቡላንሱ በሃያ ደቂቃ አድርሷት በር ላይ ስልሳ ደቂቃ ብትቆይ፣ ሁለተኛው መዘግየት ስሙን ቀይሮ ሦስተኛው መዘግየት ሆነ እንጂ አልቀረም።

ስለዚህ «ስንት አምቡላንስ ተገዛ?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ሲደርስ ማን ይቀበለዋል?» የሚለው ነው።

ቃሬዛ የሌለው አምቡላንስ

በር ላይ የሚባክነው ጊዜ የሚጎዳው ውስጥ የተኛውን ሰው ብቻ አይደለም። ሆስፒታሉ የሚያሳርፍበት አልጋ ሲያጣ ሕመምተኛው በአምቡላንሱ ቃሬዛ ላይ እንደተኛ ይቆያል። ባለሙያዎቹም ጥለውት መሄድ ስለማይችሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ቃሬዛ የሌለው አምቡላንስ ደግሞ ምንድን ነው? ላዳ ታክሲ ነው። ሳይሬን ያለው ላዳ።

በዚያው ሰዓት ሌላ ሰፈር ውስጥ ሌላ ሰው ስልክ ይደውላል። ከግንባታ ላይ የወደቀ ልጅ ይሆናል፣ ደረቱን የያዛቸው አባት ይሆናሉ። መልሱ «መኪና የለም» ነው። መኪናውማ አለ። አንድ ሆስፒታል በር ላይ ቆሟል። በር ላይ የምታልፈው እያንዳንዷ ደቂቃ፣ ጨርሶ ከማናያት ከሌላ ሰው ላይ የምትቀነስ ናት።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እንግሊዝ ውስጥ አንድ አምቡላንስ ያመጣውን ሕመምተኛ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማስረከብ አለበት የሚል መለኪያ አለ። ሆኖም ወረፋው እየረዘመ ሄደና የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ለሆስፒታሎቹ ቁርጡን ነገራቸው። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ሠራተኞቹ 45 ደቂቃ ከጠበቁ ሕመምተኛውን ለሆስፒታሉ አስረክበው ወደ ቀጣዩ ጥሪ እንዲሄዱ የሚል ነበር። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ ሐኪም አጠገቡ አለ፤ ቤቱ ወድቆ የሚጠብቀው ሰው ግን ማንም የለውም። ውሳኔው ብዙ አከራክሯል። ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፤ የበሩ ወረፋ የሆስፒታሉም ጉዳይ ነው።

«አልጋ የለም» ውሸት ነው እንዴ?

አይደለም። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ «አልጋ የለም» ስትል ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከክልል ሁሉ ሪፈር የተጻፈላቸው ሰዎች ይመጡበታል። ጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችለውም ሰው ጤና ጣቢያውን ዘልሎ እዚያው ይሰለፋል። ኮሪደሩ ሞልቶ፣ የኦክስጅኑ መስመር በሙሉ ተይዞ፣ አንዲት ነርስ ለብዙ ሰው ስትሯሯጥ ከየት ታምጣ?

ግን «አልጋ የለም» እና «ምንም ማድረግ አንችልም» አንድ አይደሉም። ልዩነቱ የሰው ሕይወት ነው። አየር መተላለፊያው የተዘጋ ሰው አንጎሉ ኦክስጅን ካጣ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ለእሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አልጋ አይደለም፤ አየር ነው። ደም ለሚፈሰው ሰው የሚያስፈልገው ደሙን ማቆም ነው። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተው ግሉኮስ ነው። እነዚህ ቃሬዛው ላይ እንዳለ የሚሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ «ወዴት ይሂድ?» ቢባል ያስኬዳል።

ለዚህ ነው ትሪያጅ የሚባለው አሠራር የመጣው። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የቀለም አከፋፈል ነው። ቀይ ማለት አሁኑኑ፤ ብርቱካናማ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፤ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፤ አረንጓዴ መጠበቅ የሚችል። የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ ደም ግፊት፣ የሙቀት መጠን፣ ንቃተ ኅሊና ይታይና ቀለም ይሰጣል። ይህን ሁሉ አምቡላንስ ውስጥ ያለው ባለሙያ መንገድ ላይ ሊለካው ይችላል። ቀለሙን ይዞ ከደረሰ፣ ሆስፒታሉም ቀለሙን ካመነው፣ በር ላይ «ማን ነው? ምን ሆነ? ካርድ አወጣችሁ?» እየተባለ የሚሄደው ጊዜ ይተርፋል።

«ካመነው» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በብዙ ቦታ አምቡላንስ ማለት ሾፌርና ቃሬዛ ብቻ ነው፤ የጤና ባለሙያ አብሮ የለም። ባለሙያ ባለበትም ቢሆን ሆስፒታሉ ያንን ሰው እንደ ሥራ ባልደረባ ሳይሆን እንደ አድራሽ ይቆጥረዋል። መተማመን ከሌለ ርክክብ የለም።

ከማደንዘዣ ክፍል ወደ ጎዳና

መተማመኑ ከየት ይመጣል? ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለቱም የተጀመሩት ሆስፒታል ውስጥ በሚሠሩ፣ ያውም በማደንዘዣ ሙያ ላይ በነበሩ ሰዎች ነው። የማደንዘዣ ባለሙያ ደግሞ ሥራው ሰው እንዳይተነፍስ የሚከለክለውን ነገር ማወቅና ማስተካከል ነው።

የመጀመሪያው የራሳችን ነው። አቶ ክብረት አበበ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ ነበሩ። በጊዜ ቢደርሱ ሊተርፉ የሚችሉ ሰዎች ሲያልፉ ለዓመታት አይተዋል። መጨረሻ ላይ ቤታቸውን ሸጡና ሦስት ያገለገሉ አምቡላንሶች ገዙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስ እንዲህ ተጀመረ። መኪና ገዝተው ብቻ አላቆሙም፤ ፓራሜዲክ የሚሠለጥንበት ቦታም ከፈቱ። መኪና ያለ ሠለጠነ ሰው ምን እንደሆነ ከውስጥ ያውቁታላ።

ሁለተኛው የአሜሪካ ነው፤ ፒትስበርግ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያ ሰው ሲታመም የሚመጣው የፖሊስ መኪና ነበር፤ ካልሆነም የአስከሬን መኪና። ፖሊሶቹ አንስተው ይከንፋሉ እንጂ መንገድ ላይ የሚሰጡት ሕክምና የለም። ፒተር ሳፋር የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፤ ዛሬ ሲፒአር የምንለውን የልብና የትንፋሽ መመለሻ ዘዴ ካዳበሩት ሰዎች አንዱ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሴት ልጁን በአስም አጣ። በዓመቱ ሂል ዲስትሪክት በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ከነበሩ ሰዎች ጋር ተባብሮ ፍሪደም ሃውስ የተባለውን የአምቡላንስ አገልግሎት አስጀመረ።

የሠለጠኑት እነማን ናቸው? ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች። አንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ አልጨረሰም። 300 ሰዓት ገደማ ሠለጠኑ፤ ያውም ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉ ውስጥ ገብተው። ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ሁሉንም አዩ። ሐኪሞቹ እጃቸውን ይዘው አስተማሯቸው። በኋላ ናንሲ ካሮላይን የተባለች ወጣት ሐኪም ኃላፊያቸው ሆነች፤ አብራቸው አምቡላንስ ላይ እየወጣች ትሠራ ነበር። ከዚያ ልምድ በመነሳት የጻፈችው መጽሐፍ ለፓራሜዲክ ሥልጠና መሠረት ሆነ። ፍሪደም ሃውስ በ1975 ከተማው የራሱን አገልግሎት ሲጀምር ተዘጋ። ግን ዛሬ አሜሪካ ውስጥ «ፓራሜዲክ» የሚባለው ሙያ ከእነዚያ ልጆች ብዙ ወርሷል።

ሁለቱ ታሪኮች የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። አምቡላንሱ የተሻለው ሆስፒታሉ «የእኔ ነው» ሲለው ነው። እኛም ጋ መሠረቱ ተጥሏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ዛሬ ድንገተኛን ብቻ ሙያቸው ያደረጉ ሐኪሞች አሉን። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ደግሞ ለድንገተኛ፣ ለአደጋና ለቃጠሎ ተብሎ የተቋቋመ አቤት ሆስፒታል አለ። ስሙ ራሱ ጥሩ ነው፤ ሲጠሩት «አቤት» የሚል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ትልልቅ ነገሮች አሉ፤ አልጋ መጨመር፣ ሆስፒታል መገንባት። እነሱ ዓመታት ይወስዳሉ። ከዚያ በፊት ሊደረጉ የሚችሉ፣ ገንዘባቸውም ያን ያህል ያልሆነ ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ከመድረስ በፊት ስልክ። በመንግሥት ሆስፒታሎች ሊያዘን የሚባል ክፍል አለ፤ ሥራው ሪፈርና አልጋን ማገናኘት ነው። አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ወይም መንገድ ላይ ሆኖ «የሰላሳ ዓመት ወንድ፣ የመኪና አደጋ፣ ቀይ ነው፣ በአሥር ደቂቃ እንደርሳለን» ብሎ ቢደውልና ቀን ከሌት የሚነሳ ስልክ ቢኖር፣ ስንት ከበር በር መንከራተት ይቀራል? ቦታ ከሌለም ከቃሊቲ ተነስቶ መሐል ከተማ ድረስ ከተኬደ በኋላ ሳይሆን፣ ገና ከመነሻው ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የአንድ ደቂቃ ርክክብ። በዓለም ላይ የታወቀ አራት ጥያቄ አለ። ምን ደረሰበት? ምኑ ተጎዳ? ምልክቶቹ እንዴት ናቸው? ምን ተደረገለት? የእንግሊዝኛው ምሕጻር «ሚስት» ተብሎ ነው የሚነበበው። በአማርኛ ጆሮ ያስቃል፤ ግን አይረሳም! ቁም ነገሩ ያ አንድ ደቂቃ ሲደርስ ሁሉም ዝም ብሎ ማዳመጡ ነው። አምቡላንሱ ላይ የነበረው ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። መኪናው እንዴት እንደተጨፈለቀ፣ ሰውየው መቼ ራሱን እንደሳተ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ። እሱ ሳይሰማ ከሄደ መረጃውም አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ባዶ እጁን አለመስደድ። አምቡላንሱ ኦክስጅኑን፣ ጓንቱን፣ ፋሻውን እዚያ ሰው ላይ ጨርሶ ነው የመጣው። ወደ ጣቢያው ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ከሥራ ውጭ ነው። ሆስፒታሉ በርክክቡ ላይ ያለቀውን ቢተካለት፣ ቃሬዛውን የሚያጥብበት ውኃና ቦታ ቢሰጠው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ ቀጣዩን ጥሪ መቀበል ይችላል። ወጪው በኋላ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ይተሳሰባል።

አራተኛ፣ ሠራተኛውን ማሰብ። የአምቡላንስ ሠራተኛ መርፌ ሲወጋው፣ ደም ዓይኑ ውስጥ ሲረጭበት የት ይሄዳል? የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ሕመምተኛውን ያስረከበበት ሆስፒታል ያለ ወረፋ ሊያስጀምረው ይችላል። «የእኛ ሠራተኛ አይደለህም» የሚያስብል ነገር የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ ያደረ ሰው ፊቱን የሚታጠብበት ቦታና ትኩስ ሻይስ ቢያገኝ?

አምስተኛ፣ መልስ መስጠት። ይቺ ምንም ብር አታስወጣም። አንድ ሠራተኛ የአንድን ልጅ ደረት እየተጫነ፣ እየተጨነቀ ያመጣዋል። ያስረክባል። ይወጣል። በቃ፣ ልጁ ተርፎ ይሁን ሞቶ አያውቅም። ትክክል ሠርቶ ይሁን ተሳስቶም አያውቅም። በወር አንድ ቀን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና የአምቡላንስ ሠራተኞች አንድ ላይ ቁጭ ብለው «ይሄኛው በዚህ ምክንያት ተረፈ፣ ያኛው እዚህ ጋ ዘገየን» ቢባባሉ፣ ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጣል። በር ላይ ሲገናኙም «ወንድሜ» እና «ሲስተር» ብቻ ሳይሆን በስም ይጠራራሉ።

እኛስ?

በአዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍሎች የተሠሩ ጥናቶች አብዛኛው ሕመምተኛ የሚመጣው በታክሲ እንደሆነ ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ ከስልካችሁ ጀምሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር 939። በክፍያ የሚሠራው ጠብታ 8035። አሁኑኑ መዝግቧቸው፤ የዚያን ቀን መፈለጊያ ጊዜ የለም።

ስትደውሉ «ቶሎ ኑ!» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ረጋ ብላችሁ ቦታውን በሚታወቅ ምልክት ንገሩ፤ ሰውየው ይተነፍሳል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ደም ይፈሰዋል ወይ የሚለውን መልሱ። ሆስፒታል ሊያዘጋጅ የሚችለው ከዚህ መረጃ ተነስቶ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ በተለይ አፉ ለተጣመመና አንድ ጎኑ ለሰነፈ ሰው ሕክምናውን የሚወስነው ያ ሰዓት ነው። የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ሪፈር ካለውም ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። በስልካችሁ መቆለፊያ ገጽ ላይ የሚታየውን የአደጋ ጊዜ መረጃም ሙሉት፤ የደም ዓይነት፣ አለርጂ፣ የሚደወልለት ሰው። ራሳችሁን ስትስቱ የሚናገርላችሁ እሱ ነው።

መብታችሁንም እወቁ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። በር ላይ ክርክር ሲነሳ ግን ጩኸቱን በነርሷ ወይም በሾፌሩ ላይ አታድርጉት፤ ሁለቱም የተጣበቡት በአንድ በር ውስጥ ነው። «አልጋ ባይኖርም መጀመሪያ እስትንፋሱን እዩልን» ማለት ይቻላል። ትሕትና ያለው፣ ግን ጠንካራ ጥያቄ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አንድ ባለሥልጣን አዲስ አምቡላንሶች ተሰልፈው ሪባን ሲቆርጥ በስልካችሁ ስታዩ፣ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ኮሜንት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ሲደርሱ የሚቀበላቸው ማነው?»